የባህል ሙዚቃ ሲዲዎች ወደ ኮምፒውተር ግልበጣ ከቁጥር ሪፖርት ባሻገር ሊፈተሽ ይገባል

በአማራ ክልል አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የአንከሻ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ከተማ ስሟ ግምጃ ቤት ነው። ቃሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አሠራር ንብረት ተቆጥሮ፣ ተመዝግቦና ተጠብቆ የሚቀመጥበትን ስፍራ ያመለክታል። ወደ ግምጃ ቤት የሚገባ ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይደረጋል፤ ሲወጣም በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። በዚህ ሥርዓት መሠረት አንድ ወንበር እንኳ ቢጎድል ተጠያቂው ይታወቃል።

የተቀረጸ ድምፅ ግን እንዲህ ያለ ሰነድ የለውም። አንድ የሙዚቃ ሲዲ ንብረት ክፍል ሲገባ የሚመዘገበው ዕቃው እንጂ በውስጡ የሰፈረው ዘፈን፣ ፉከራ ወይም የሠርግ ጨዋታ አይደለም። በመሆኑም ሲዲው መነበብ ካቆመ ዓመታት ቢያልፉም በመዝገብ ላይ «1 ቁጥር» ሆኖ ይቀጥላል። ይዘቱን ወደ ኮምፒውተር የመገልበጡ ሥራ ትኩረት የሚሻው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ሥራው ተከናውኗል በተባለባቸው ቦታዎችም ምን ያህል በእርግጥ እንደተከናወነ መፈተሽ ያስፈልጋል።

በዞኑ የሚገኘው የባህል ሀብት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብረው በዓል ከፈረስ ግልቢያው ጎን ለጎን ዘፈንና ፉከራ የሚደመጥበት መድረክ ነው። እንዲህ ያሉ በዓላትን፣ የባህል ቡድኖችን ሥራና የአረጋውያንን ቃል መቅረጽ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ዓመታት በአብዛኛው በካሴትና በሲዲ የሚከናወን ነበር። ከሙዚቃ ቤት የተገዛ የታዋቂ ድምፃዊ ሲዲ ቢጠፋ ሌላ ቅጂ ፈልጎ ማግኘት ይቻል ይሆናል። በአንድ ወረዳ የባህል ጽሕፈት ቤት መሳቢያ ውስጥ ያለ ብቸኛ ቅጂ ከተበላሸ ግን የሚተካው የለም።

ጊዜውም አመቺ አይደለም። አዳዲስ ላፕቶፖች በአብዛኛው የሲዲ ማንበቢያ ሳይኖራቸው ለገበያ ይቀርባሉ። ማንበቢያ ያላቸው የቀድሞ ኮምፒውተሮች ደግሞ ያገለገለ ንብረት ተብለው ከሚወገዱ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ የሚገቡበት ደረጃ ላይ ደርሰዋል። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ የመንግሥት አገልግሎቶችን ወደ ዲጂታል ሥርዓት ለማሸጋገር አቅጣጫ ማስቀመጡ ይታወሳል። ይሁንና በአሮጌ ሲዲዎች ላይ ያለው ቅርስ በጥንቃቄ ካልተሻገረ ሽግግሩ ራሱ የመጥፊያው ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ፋይሉ አለ፣ ዘፈኑ የለም

በሥራው ላይ በብዛት የሚያጋጥመው የመጀመሪያው ችግር ከመሣሪያ ብልሽት ሳይሆን ከግንዛቤ ማነስ የሚመነጭ ነው። በግምጃ ቤትም ሆነ በሌላ የወረዳ ከተማ የሚሠራ አንድ ባለሙያ 12 ዘፈኖች ያሉበትን የሙዚቃ ሲዲ በዊንዶውስ በሚሠራ ኮምፒውተር ቢከፍት 12 ፋይሎች ይታዩታል። እንደማንኛውም የጽሑፍ ፋይል መርጦ ወደ ሃርድ ዲስክ ቢገለብጣቸው ሥራው በጥቂት ሰከንዶች ያልቃል። ከፍቶ ሲሞክራቸውም ዘፈኖቹ ሊሰሙ ይችላሉ። ባለሙያው በዚህ ተማምኖ ሲዲው መገልበጡን ሪፖርት ያደርጋል። ሲዲው ከኮምፒውተሩ ከወጣ በኋላ ግን ከ12ቱ አንዱም አይሠራም።

ምክንያቱ በሙዚቃ ሲዲ ላይ ኮምፒውተር እንደሚያውቀው ያለ ፋይል አለመኖሩ ነው። ፊሊፕስና ሶኒ የተባሉት ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጡት የሙዚቃ ሲዲ ደረጃ የተዘጋጀው ለማጫወቻ መሣሪያ እንጂ ለኮምፒውተር አልነበረም። ዊንዶውስ የሚያሳያቸው «ሲዲኤ» የሚል ቅጥያ ያላቸው ፋይሎች ዘፈኑ በሲዲው ላይ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ የሚጠቁሙ አድራሻዎች ብቻ ናቸው። ሲዲው በውስጡ እያለ የሚሰማውም ድምፅ ከሃርድ ዲስኩ ሳይሆን ከራሱ ከሲዲው የሚመጣ ነው። ነገሩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ዶሴውን ትቶ የዶሴውን ቁጥር ብቻ ገልብጦ ከመያዝ ጋር ይመሳሰላል።

ልዩነቱ በመጠን ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የእያንዳንዱ አድራሻ ፋይል መጠን 44 ባይት ሲሆን 12ቱ ተደምረው 528 ባይት ብቻ ናቸው። በአንጻሩ 1 ሰከንድ የሲዲ ሙዚቃ 176,400 ባይት፣ 1 ደቂቃ ደግሞ 10.6 ሜጋ ባይት ገደማ ይይዛል። 1 ሰዓት የሚፈጅ ሲዲ ሳይታመቅ በሙሉ ሲቀዳ ወደ 635 ሜጋ ባይት ይደርሳል። ስለሆነም ሪፖርት የሚቀበል ኃላፊ ስንት ሲዲ ተገለበጠ ብሎ ከመጠየቅ ባሻገር የተገለበጠው በጠቅላላው ስንት ሜጋ ባይት እንደሆነ ቢጠይቅ ችግሩን ቢሮው ተቀምጦ ሊለየው ይችላል።

መፍትሔው ድምፁን ከሲዲው አንብቦ ወደ ፋይል በሚለውጥ ሶፍትዌር መቅዳት ነው። በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሚዲያ ፕሌየር «ሪፕ» በተሰኘው ትእዛዝ ይህን ያከናውናል። ከዚያ በፊት ግን የሲዲውን ዓይነት መለየት ይገባል። የኤምፒ3 ፋይሎች የተጫኑበት ሲዲ እንደማንኛውም ፋይል በቀጥታ ይገለበጣል። ምስል ያለው ቪሲዲ ደግሞ «ዳት» የሚል ቅጥያ ያላቸውን ትልልቅ ፋይሎች ይይዛል። በአድራሻ ፋይሎች የሚያሳስተው ተራው የሙዚቃ ሲዲ ብቻ ነው።

በቴፕ የሚሰማ፣ በኮምፒውተር የሚቆራረጥ

ሁለተኛው ችግር በትክክለኛው መንገድ በሚቀዱ ሲዲዎች ላይ የሚታይ ነው። ሲዲው በቴፕ ሲጫወት ያለ ችግር ይሰማል፤ ከኮምፒውተር የተገኘው ቅጂ ግን ይንጫጫል፣ ይዘላል ወይም በመካከሉ ይቋረጣል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ኮምፒውተሩ ቫይረስ እንዳለበት ይገምታሉ። እውነተኛው ምክንያት ግን ከሲዲው አሠራር ጋር የተያያዘ ነው።

በሲዲ ላይ ያለው መረጃ ለ1 ሰከንድ 75 ክፍሎች ሆኖ የተደራጀ ሲሆን የእያንዳንዱ ክፍል መጠን 2,352 ባይት ነው። የኮምፒውተር ፋይል የሚጻፍበት ሲዲ ከዚህ ውስጥ 2,048 ባይቱን ለመረጃው ይጠቀማል፤ ከቀሪው አብዛኛውን ለተጨማሪ የስሕተት ማረሚያ ያውለዋል። የሙዚቃ ሲዲ ግን 2,352ቱንም ለድምፅ ስለሚጠቀም ይህ ተጨማሪ ማረሚያ የለውም። መደበኛው ማረሚያ አነስተኛ ጭረቶችን ያስተካክላል። ጉዳቱ ከዚያ ሲያልፍ ማጫወቻው የጠፋውን ድምፅ ከፊትና ከኋላው ካለው በመገመት ክፍተቱን ይሸፍናል፤ የሰው ጆሮም ብዙ ጊዜ አይለየውም። በፍጥነት የሚያነበው ኮምፒውተር በበኩሉ ስሕተቱን እንደ እውነተኛ ድምፅ ቆጥሮ ለዘለቄታው በቅጂው ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ከዚህ አኳያ ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች ቅደም ተከተል አላቸው። በቅድሚያ ሲዲው በለስላሳና ንጹሕ ጨርቅ ሊጠረግ ይገባል። ጠረጋው ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀጥታ መስመር መሆን አለበት። በክብ መጥረግ የሚፈጥረው ጭረት የንባቡን መስመር ተከትሎ ስለሚሄድ ተከታታይ መረጃ ያጠፋል፤ የስሕተት ማረሚያውም ሊደርስበት አይችልም። ቀጥሎ የንባብ ፍጥነቱን መቀነስ ይጠቅማል። ይህም ካልረዳ በሌላ ማንበቢያ መሞከር ተገቢ ነው፤ የአንዱ ማንበቢያ የሌንስ አቧራ ወይም እርጅና የሲዲው ብልሽት መስሎ ሊታይ ይችላልና። በዩኤስቢ የሚገጠም ማንበቢያ ሲዲውን እያሽከረከረ ደጋግሞ የሚያቆም ከሆነ ደግሞ ከኮምፒውተሩ የሚያገኘው ኃይል ማነስ ሊሆን ስለሚችል በሌላ መሰኪያ መሞከር ያስፈልጋል። በጠረጴዛ ኮምፒውተር የሚከናወን ቅጂም መብራት በመሃል ቢቋረጥ ያልተሟላ ፋይል ሊተው ስለሚችል ከመጀመሪያው እንዲደገም ማድረግ ይገባል።

አንድን ክፍል ደጋግመው አንብበው ውጤቱን የሚያመሳክሩ ሶፍትዌሮችም አሉ። በነጻ የሚገኘው «ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ» ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ ሊነበብ ያልቻለው ክፍል በየትኛው ዘፈን የትኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነም ይገልጻል። ይህ ለመንግሥት ሥራ ትልቅ ጥቅም አለው። ጉድለቱ ተለይቶ የተመዘገበ ቅጂ ጉድለቱ ከተደበቀበት ቅጂ ይልቅ ታማኝ ሰነድ ነው።

የንብረት ቁጥር ተለጣፊ የሚያስከትለው ጉዳት

ብዙ ጊዜ ጥንቃቄ የሚደረገው ለሚያብለጨልጨው የሲዲው የታችኛ ገጽ ነው። የሲዲ ውፍረት 1.2 ሚሊ ሜትር ሲሆን መረጃውን የያዘው ስስ ንጣፍ ግን የሚገኘው ከላይ፣ ርዕስ ከሚጻፍበት ገጽ ሥር ነው። በታችኛው ገጽ ላይ ያለ ቀላል ጭረት በማጽዳትና በማለስለስ ሊሻሻል ይችላል። በላይኛው ገጽ ላይ የሚደርስ ጭረት ግን መረጃውን ራሱን ስለሚልጠው መጠገኛ የለውም።

በዚህ ረገድ በመሥሪያ ቤቶች የተለመዱ አንዳንድ አሠራሮች ሊታረሙ ይገባል። በሲዲ ላይ በጠንካራ እስክሪብቶ መጻፍ፣ ማኅተም ማሳረፍና የንብረት መለያ ወረቀት መለጠፍ ጉዳት ያስከትላል። ተለጣፊው ሲዲው በፍጥነት ሲሽከረከር ሚዛኑን ያዛባል፤ ለማንሣት ሲሞከርም ንጣፉን ይዞ ሊነሣ ይችላል። መለያ ቁጥሩ በማኅደሩ ላይ ቢጻፍ በቂ ነው። በቢሮ ኮምፒውተር የተጻፉ ሲዲዎች መረጃ የሚያርፈው በቀለም ንጣፍ ላይ በመሆኑ ብርሃንና ሙቀት ያደበዝዙታል። ዝናብ በሚበዛበት ደጋማው የአዊ አካባቢም እርጥበት ተጨማሪ ሥጋት ነው። ስለዚህ በመስኮት አጠገብ የተደረደሩና በርጥብ ግድግዳ ሥር የተቀመጡ ሲዲዎች የመገልበጥ ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል።

የተቆለፈ ቅጂና የተጨመቀ ድምፅ

በትክክል የተቀዳ ድምፅም ቢሆን በምን ዓይነት ፋይል እንደተቀመጠ መታየት አለበት። በቀድሞዎቹ የሚዲያ ፕሌየር እትሞች የተቀዳውን ሙዚቃ ከቅጂ የሚጠብቅ ምርጫ ነበር። ይህ ምርጫ በርቶ የተቀዳ ፋይል የሚከፈተው ፈቃዱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ በቫይረስ ምክንያት ፎርማት ሲደረግ ፈቃዱ አብሮ ይጠፋል፤ ፋይሉም ተቆልፎ ይቀራል። በቀደሙት ዓመታት የተገለበጡ ስብስቦች ያሏቸው ጽሕፈት ቤቶች ፋይሎቹን በሌላ ኮምፒውተር ከፍተው ሊያረጋግጡ የሚገባው ለዚህ ነው።

ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ድምፅን ወደ ኤምፒ3 መለወጥም የተለመደ ነው። በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት የተዘጋጀ ኤምፒ3 ከሲዲው መጠን 11 እጥፍ ያነሰ ሲሆን፣ የተጣለው የድምፅ ክፍል ተመልሶ አይገኝም። ለአድማጭ ለማሠራጨት ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። ለቅርስነት ለሚቀመጥ ቅጂ ግን ምንም ሳይጥል የሚያስቀምጠው ዌቭ ወይም መጠኑን በግማሽ ያህል የሚቀንሰው ፍላክ ተመራጭ ነው። 1 ቴራ ባይት የሚይዝ አንድ ሃርድ ዲስክ እያንዳንዳቸው 1 ሰዓት የሚፈጁ ከ1,500 በላይ ሲዲዎችን ሳይታመቁ መያዝ ስለሚችል የቦታ እጥረት አሳማኝ ምክንያት አይሆንም።

ከገበያ የተገዙ ሲዲዎችን በተመለከተ የደኅንነት ጉዳይም ሊዘነጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2005 ሶኒ ቢኤምጂ የተባለው ኩባንያ ቅጂን ለመከላከል በአንዳንድ ሲዲዎቹ ላይ የጫነው ሶፍትዌር በተጠቃሚዎች ኮምፒውተር ውስጥ ራሱን ደብቆ መቀመጡ ተደርሶበት ሲዲዎቹ ከገበያ እንዲሰበሰቡ መደረጉ ይታወሳል። የመንግሥት ሰነድ በሚያዝባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ሲዲ እንደገባ በራሱ እንዲጀምር የሚያደርገውን አሠራር መዝጋት ከዚህ የሚገኝ ትምህርት ነው።

ስም የሌለው ዜማ

ድምፁ ከዳነ በኋላ የሚቀረው ሥራ የማንና የምን እንደሆነ ማሳወቅ ነው። ሶፍትዌሮች የዘፈንና የድምፃዊ ስም ከኢንተርኔት ለመፈለግ ይሞክራሉ፤ በወረዳ የተቀረጸ የባህል ዘፈን ግን በዚያ አይገኝም። ውጤቱም «ያልታወቀ ድምፃዊ፣ ትራክ 1» የሚል ይሆናል። መቶ ሲዲዎች በዚህ መልክ ከተገለበጡ መቶ «ትራክ 1» ይፈጠራሉ፤ የትኛው ከየትኛው ሲዲ እንደመጣ መለየትም ያስቸግራል።

ስሙ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ጥያቄ ምልክት ወይም ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ መታየቱም የተለመደ ቅሬታ ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደሉን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር ጽሑፉ ያለ እነርሱ አይነበብም። የኤምፒ3 ፋይል የስም መያዣ የመጀመሪያ እትምም ለርዕስ የሚሰጠው ቦታ 30 ባይት ብቻ ነበር፤ ዩኒኮድንም አያውቅም። በመሆኑም ሁለተኛውን እትም የሚጠቀም ሶፍትዌር መምረጥና በዩኒኮድ መጻፍ ያስፈልጋል። ጉዳዩ በአዊ ዞን ይበልጥ ይጎላል። የቋንቋው ስም በራሱ አጻጻፍ «አውጚ» ሲሆን፣ «ጚ» በአማርኛ የማይገኝ፣ በዩኒኮድ ግን ቦታ ያለው ፊደል ነው። ይህን ፊደል የማያሳይ መጻፊያ የቋንቋውን ስም እንኳ በትክክል ማስፈር አይችልም።

ከመሣሪያው ይልቅ ጊዜ የማይሰጠው የሰው ዕውቀት ነው። ዘፋኙ ማን እንደሆነ፣ ዜማው በየትኛው አጋጣሚ እንደሚዜምና የየትኛው ቀበሌ እንደሆነ የሚለዩት አረጋውያን ናቸው። ቅጂው በፊታቸው ተከፍቶ የሚሉት ካልተመዘገበ የዳነው ድምፅ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል።

የሕግ ድንበር

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 የሥራውን ድንበር ያስቀምጣሉ። አዋጁ አንድ ግለሰብ ታትሞ የወጣን ሥራ ለግል አገልግሎቱ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል። ለትርፍ ላልቆሙ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዛግብትና መሰል ተቋማትም በተቀመጡ ሁኔታዎች ሥር የማባዛት ፈቃድ ይሰጣል። ይህ ፈቃድ ግን በፍላሽ እያዞሩ ማከፋፈልን ወይም መሸጥን አይጨምርም። ቅርስን ለማዳን የተገለበጠ ስብስብ ለባለመብቶች ጉዳት ምክንያት እንዳይሆን ማን መጠቀም እንደሚችል አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን ይኖርበታል።

ከሪፖርት በፊት ማዳመጥ

ከላይ ከተዘረዘሩት መረዳት እንደሚቻለው የችግሩ መፍትሔ ከፍተኛ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው የሥራው መለኪያ ከሲዲ ቁጥር ወደ ተረጋገጠ ድምፅ እንዲለወጥ ነው። አንድ ሲዲ ተገልብጧል የሚባለው ሲዲው ከወጣ በኋላ ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲደመጥ፣ መጠኑና ርዝመቱ ሲመዘገብ፣ ያልተነበበ ክፍል ካለ በሰነድ ሲገለጽና ቅጂው ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ሲቀመጥ ሊሆን ይገባል። አንዱ ቅጂ በወረዳው፣ ሌላው በዞኑ ቢቀመጥ አንድ አደጋ ሁለቱንም አያጠፋቸውም። በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲም በዞኑ ውስጥ የሚገኝ ተቋም እንደመሆኑ በሙያ እገዛ ሊሳተፍ የሚችልበት ዕድል አለ። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴዎችም ሲዲዎችና የመጨረሻዎቹ ማንበቢያዎች ከመወገዳቸው በፊት ይዘታቸው መረጋገጡን የሚገልጽ ሰነድ ሊጠይቁ ይገባል።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹት ድምፅ ከመቶ ዓመት በኋላ በሲዲ እንደገና ለአድማጭ ሊደርስ የቻለው ሸክላዎቹን የጠበቃቸው በመኖሩ ነው። በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች መሳቢያ ውስጥ ያሉት ድምፆችም ተመሳሳይ ዕድል ሊያገኙ ይችላሉ። ለዚህም ግምጃ ቤት የሚቆጥረው ሲዲውን ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለውን ድምፅ ጭምር ሊሆን ይገባል።